ማን ነው የሚያነጋው?

ባለፈው እትም ከጓደኞቻችን አንዱ «ሥነ ጽሑፍ ችቦ ነው፤ ደራሲም ችቦ ያዥ ነው» የሚል ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። ወረቀቱ ከማባዣው እንደ ወጣ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ በየመኝታ ክፍሉ ተነበበ። አብዛኛው ሰው ወደደው። እኛም፣ እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ስናነበው ልባችን ሞቆ ነበር። ዳሩ ግን ሁለተኛ ስናነበው አንድ ነገር ጎረበጠን፤ ሦስተኛ ስናነበው እርስ በርስ ተጣላን። ዝም ብለን ብናልፈው ጓደኛችንን መናቅ ይሆንብናልና መልሳችንን እነሆ።

ክርክራችን ከእሱ ጋር ብቻ አይደለም። ለዚህ መጽሔት የሚመጡትን ግጥሞች የምናነበው እኛው ነን፤ እኛም እንጽፋለን። «ጨለማ» የሌለበት ግጥም ብርቅ ሆኗል። ጨለማው ይገፈፋል፣ ሌሊቱ ያልፋል፣ ጎህ ይቀዳል፣ ጮራው ይፈነጥቃል፤ አበቃ። የአንዱን ግጥም የላይኛውን ግማሽ ቀደህ ከሌላው የታችኛው ግማሽ ጋር ብታጣብቀው ባለቤቶቹም አይለዩት። ከመካከላችን አንዱ ባለፈው ዓመት እዚሁ ያወጣው ግጥም እንዲህ የሚል ቤት ነበረው፦

የግፉ ጨለማ ቢከብድ ቢረዝም፣
ንጋት አይቀርምና ልባችን አይዝልም።

ባለግጥሙ ይህን መልስ ከሚጽፉት አንዱ ስለሆነ ማንንም አላማንም። በዚህ ግጥም ምክንያት የደረሰበትን ግን መናገር አለብን፤ የክርክራችን መነሻ እሱ ነውና።

ልጁ ባለፈው ክረምት ወደ አገሩ፣ ወደ ቡሬ ገጠር፣ ሄዶ ነበር። አንድ ማታ ራት ከተበላ በኋላ አባቱ «እስቲ የምትጽፈውን አሰማን» ይሉታል። ስልኩን አብርቶ አነበበላቸው። አባት ፊደል አልቆጠሩም፤ ነገር ግን በሰንበቴውም በለቅሶውም ቃል ሲያምርና ሲበላሽ እየሰሙ ያደጉ ሰው ናቸው። አዳምጠው ሲያበቁ «ደግ ነው፤ ቤቱ ገጥሟል» አሉ። ጥቂት ቆዩና «ማን ነው የሚያነጋው?» ብለው ጠየቁ።

«ሕዝቡ ነዋ፣ አባባ።»

«የታለ? እኔ አልሰማሁትም።»

ልጅ መልስ አጣ። አባት ቀጠሉ፦ «ይኸ ጨለማ የምትለው የኔ ሌሊት ነው? እኔ ትናንት ማማ ላይ ነው ያደርኩ፤ ጃርትና ከርከሮ ከበቆሎየ ስመልስ። ጨለማው ምንም አላደረገኝ። እኔን የሚያስጨንቀኝ የማዳበሪያው ዋጋ ነው፤ እሱን ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ነው የሚነግሩኝ።»

እንግዲህ የኛ ክርክር ይኸው ነው። ገበሬው በሁለት ጥያቄ የግጥማችንን ሁለት ጉድለት አሳየን። አንደኛው የሰዋስው ጉድለት ነው፤ ሁለተኛው የቦታ፣ ማለትም ጸሐፊው የት ቆሞ ነው የሚጽፈው የሚል።

ከሰዋስው እንጀምር። ነጋ፣ መሸ፣ ጨለመ፣ ጠባ፤ እነዚህ ግሶች አድራጊ የላቸውም። «ማን ነጋ?» ተብሎ አይጠየቅም። ስለ ሰማይ ስንናገር ይኸ ትክክል ነው፤ ፀሐይን የሚያወጣት ኮሚቴ የለም። የሰውን ግፍ በዚሁ ግስ ስንናገር ግን ግብሩን ማን ጣለ፣ ዳኛውን ማን ገዛ፣ ትምህርት ቤቱን ማን ዘጋ የሚለው ጥያቄ ከዓረፍተ ነገሩ ሹልክ ብሎ ይወጣል። አጥፊው ይሰወራል። አጥፊው ብቻ ቢሆን ምን ቸገረን፤ ታጋዩም አብሮ ይሰወራል እንጂ! ሌሊት በራሱ ሰዓት የሚያልፍ ከሆነ ገበሬው ለምን ይመካከራል? ተማሪውስ ለምን ይጽፋል? ተኝቶ መጠበቅ ነው። «ይነጋል» የትግል ቃል ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን የመኝታ ቃል ነው።

በአንጻሩ ሽማግሌዎቻችን ማታ ሲለያዩ «ያንጋልን» ይላሉ። የሚያነጋ አለ፤ የሚነጋላቸውም አሉ። በአንዲት ቃል ውስጥ አድራጊና ተቀባይ ተቀምጠዋል። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ስለ ውቤ በረሃ ሕይወት ከአብዮቱ በፊት ጽፎት ከብዙ ዓመታት በኋላ የታተመውን መጽሐፉን «ሌቱም አይነጋልኝ» ሲለው እንዲሁ ነው። «አይነጋም» አላለም፤ «አይነጋልኝ» አለ። ያቺ «ልኝ» አንድ ሰው አልጋው ላይ ዓይኑን አፍጦ እንዲታየን ታደርጋለች። የኛ ግጥም ይቺን ያህል እንኳ ሰው የለበትም።

አሁን ወደ ቦታው ጉዳይ እንምጣ። «ደራሲ ችቦ ያዥ ነው» ከተባለ ዓለም ለሁለት ተከፈለ፤ ያዥና የሚበራለት። ችቦውን ማን ያዘ? እኛ። የሚበራለትስ? ሰፊው ሕዝብ፤ በተለይም ገበሬው። ይኸ ሰፊውን ሕዝብ ማክበር ይመስላል፤ ነገሩ ግን ሕዝቡ ዓይን የለውም ማለት ነው።

ብርሃን በጽሑፋችን ጥንታዊ መሆኑን አንክድም። በአሥራ አምስተኛው መቶ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ስም የሚታወቅ «መጽሐፈ ብርሃን» አለ። በ1917 የተጀመረው ጋዜጣ «ብርሃንና ሰላም» ተባለ። ከበደ ሚካኤል «ብርሃነ ኅሊና» ብሎ መጽሐፍ ሰየመ። በእነዚህ ላይ ጠብ የለንም። ነገር ግን ያው ቃል በሌሎች እጅም ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1878 ሄንሪ ስታንሊ የአፍሪካ ጉዞውን መጽሐፍ ሲያሳትም አህጉሩን በርዕሱ ላይ «ጨለማ» አለው፤ ሰዎቹ ግን ቀድሞውንም ቤታቸውን፣ ወንዛቸውንና መንገዳቸውን ያውቁ ነበር፤ ጨለማ የነበረው የስታንሊ ካርታ ነው። ፋሺስት ኢጣሊያም በ1928 ሥልጣኔ ላበራላችሁ እያለ በመርዝ ጋዝ መጣ። የጎጃም አርበኛ ይኸን ብርሃን በሌሊት ሲዋጋው ኖረ፤ ጨለማው ምሽጉ ነበር። በየካቲት 1933 መጨረሻ የጠላት ጦር የቡሬን ምሽግ ለቆ በማንኩሳ በኩል ወደ ደምበጫ ሲያፈገፍግ በዚያ አገር ሌሊቱ የማን ወገን እንደ ነበር የሚጠይቅ አልነበረም።

«እሱ የባዕድ ነገር ነው» የሚለን ይኖራል። እሺ፣ ወደ ራሳችን ወንድሞች እንምጣ። የእድገት በኅብረት ዘመቻ በታኅሣሥ 1967 ሲጀመር ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። ብዙዎቹ በቅንነት ሠርተዋል፤ ሕይወታቸውን የሰጡም አሉ። ሆኖም ስንቱ ነው «ያልነቃውን ላነቃ» ብሎ የሄደው? የጎጃም ባላገር ገና በ1960 የእርሻ ገቢ ግብሩን አዋጅ አልቀበልም ብሎ ተነሥቷል። መንግሥት ጦርም አውሮፕላንም ላከበት፤ በመጨረሻ ወደ ኋላ ያለው ግን መንግሥት ነው። አነሣሡ የባላባቱም የገበሬውም ፍላጎት የተቀላቀለበት መሆኑን እናውቃለን፤ ንጹሕ የመደብ ትግል ነበር አንልም። የምንለው ሒሳቡን ያውቅ ነበር ነው። ሒሳቡን የሚያውቅ ሰው ጨለማ ውስጥ ነው አይባልም።

በሐምሌ 1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች አስተምሯል። ፊደል የለየውን ሰው ብዛት የሚክድ የለም፤ ከእናቶቻችንም ስማቸውን መጻፍ ያኔ የተማሩ አሉ። ግን አዲስ አንባቢ የሆነው ሰው በመጀመሪያ ካነበባቸው ነገሮች አንዱ እስከ ትናንት ጨለማ እንደ ነበረ የሚነግር ነው። በዚያው በአብዮቱ ዘመን «ጎህ» የሚባል መጽሔት ነበር፤ የተማረው ወጣት ይሻማበት ነበር። ብዙ ሳይቆይ፣ በ1969 እና በ1970፣ አዲስ አበባ ውስጥ ጎህ ሲቀድ የሚታየው መንገድ ላይ የተጣለ የወጣት አስከሬን ሆነ። ከዚያ በኋላ በዚህ አገር «ጎህ ቀደደ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ቢያንስ እጁ ትንሽ ሊንቀጠቀጥ ይገባ ነበር። የኛ ግን አይንቀጠቀጥም።

የምንሳደበው ሌሊትስ ምንድን ነው? ምዕራብ ጎጃም ያደግነው እስቲ እናስታውስ። በየቤተ ክህነቱ ትምህርት ቤት የንባብ ትምህርት በቀን ነው፤ የቃል ትምህርት ግን በሌሊት ነው። ድምፅ መብራት አይፈልግም። ማኅሌቱ የሚቆመው ሌሊት ነው። በዓሉ የሚገባው ከዋዜማው ጀምሮ፣ ማታ ነው። የዋሸራና የጎንጅ የቅኔ ተማሪ ቀን ለምኖ፣ ውሻ አባሮት፣ ማታ የሰማውን በሌሊት ያመላልሰዋል። እናቶቻችን ዶሮ ሲጮህ ተነሥተው ወፍጮ ላይ ናቸው። የማማው ጠባቂ ወንጭፉን ይዞ ተቀምጧል። ይኸ ሁሉ ሥራ ነው፤ ድንቁርና አይደለም። እኛ «ሌሊት» ብለን የምንደመስሰው ሰዓት ለእነሱ የሥራው እኩሌታ ነው።

ቋንቋችንም ቢሆን ይመሰክርብናል። ሌሊትን የሚኖሩበት ሰው ስንት ስም እንዳወጡለት እዩ፦ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ድንግዝግዝ ሲል፣ ሲመሽ፣ ሰው እግሩን ሲሰበስብ፣ እኩለ ሌሊት፣ ውድቅት፣ የመጀመሪያው ዶሮ፣ ሁለተኛው ዶሮ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ወገግ ሲል፣ ሰማይና ምድሩ ሲላቀቅ፣ ማለዳ። ከዚህ ሁሉ እኛ የወሰድነው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ጨለማና ብርሃን።

ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ይኸ ነው። ለገበሬው ክብር ብለን የያዝነው ስም «አርሶ አደር» ነው። ለሠራተኛው «ወዝ አደር»፣ «ላብ አደር» አልን። አደረ ማለት ምንድን ነው? ሌሊቱን አሳለፈ ማለት አይደል? አርሶ ያደረ፤ ቀኑን አርሶ ሌሊቱን ለማለፍ የበቃ። «አስተዳደር» እንኳ ከዚሁ ግስ የወጣ ነው። ስለዚህ በአንድ ሰልፍ «ሌሊቱ ይውደም፣ አርሶ አደሩ ይኑር» ብለን ስንፈክር የራሳችንን ቃል አልሰማነውም ማለት ነው። በዚህ አገር መኖር ማለት መዋልና ማደር ነው፤ ሁለቱም። ማደሩን ቆርጠን ጥለን ስለ ኑሮ ልንጽፍ አንችልም።

ይኸን የሚያውቅ ደራሲ አልነበረም እንዳይባል፣ እዚያው ደጃፋችን ላይ አለ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ በመንገድ ላይ ማንኩሳ ትገኛለች። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ በ1958 የታተመው፣ የሚጀምረው እዚያ ነው። የዋናው ገጸ ባሕርይ የበዛብህ አባት ስም ቦጋለ መብራቱ ነው። ስሙም የአባቱ ስምም ብርሃን ነው፤ አንዱ ቦግ ያለ፣ አንዱ መብራት። ደራሲው ይኸን ድሀ የማንኩሳ ሰው በብርሃን ስም ጠርቶ ስለ ብርሃን ግን ስብከት አልሰበከም። ጉዱ ካሳም የዘመኑን ሥርዓት ሲነቅፍ ሥርዓቱ እንዴት እንደ ተገነባ፣ ማን በማን ላይ እንደ ተጫነ እየዘረዘረ ነው እንጂ «ጨለማ» ብሎ አያልፈውም። መጽሐፉ ከታተመ ከስንት ዓመት በኋላ የምንጽፍ እኛ ከጉዱ ካሳ ወደ ኋላ መቅረታችን ያሳፍራል።

አሁን ከባዱን መቃወሚያ እናንሣ፤ ሸሽተነዋል እንዳይባል። ጓደኞቻችን እንዲህ ይሉናል፦ «እናንተ አድራጊው ይጠራ ትላላችሁ። አድራጊውን የጠራ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ‹ጨለማ› የምንለው ወደን አይደለም፤ መከለያችን ነው።» ይኸ እውነት ነው፤ አናቃልለውም። በዓሉ ግርማ በ1975 «ኦሮማይ»ን አሳተመ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። ማንንም ሂድና ሙት አንልም።

ነገር ግን እኛ የቅኔ አገር ልጆች ነን። መሸፈንን ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ሰምና ወርቅ ማለት ሰሙ ሲቀልጥ የሚገኝ ወርቅ አለ ማለት ነው። አንጥረኛው ሰሙን የሚያበጀው ለወርቁ ቅርጽ እንዲሆን ነው። የኛ «ጨለማ» ግን ቢያቀልጡት ከሥሩ ምንም የለም። ደግሞስ ማንን ነው የሚሸፍነን? ዛሬ «ጨለማው ይገፈፋል» የሚለውን ግጥም የበላዩም የበታቹም፣ ገዢውም ተቃዋሚውም፣ በየመድረኩ ያነበዋል፤ ለሁሉም ይሆናል፤ ማንንም አያስቆጣም። ማንንም የማያስቆጣ ቃል መከለያ አይባልም። ሰም ብቻ ነው፤ ያውም ጧፍ ሆኖ የማይበራ።

ሩቅ ሳንሄድ እንጠየቅ። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ፍኖተ ሰላም ከተማ በአየር ተመታች። ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የዜና ወኪሎች የሆስፒታል ምንጭ ጠቅሰው ዘገቡ። የከተማዋ ስም የሰላም መንገድ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ቤት የዋሉባቸው ዓመታት መጡ፤ ከመካከላችን ታናሽ ወንድሙ ከክፍል የቀረበት አለ። እኛ ምን ጻፍን? «ጥቁር ቀን» ብለን ጻፍን። «የጨለማው ዘመን» ብለን ጻፍን። ጥቁር ቀን ሰው አይገድልም፤ ጨለማም ትምህርት ቤት አይዘጋም። የትኛውም ወገን ያድርገው፣ የታዘዘ ነገር ነው፤ የሚያዝ ሰው፣ የሚፈጽም ሰው፣ የሚቀበርም ሰው አለው። ስም መጥራት የማይቻልበት ቀን ቢሆን እንኳ ሰዓቱን መጻፍ ይቻላል። ሰማዩ ጠርቶ እንደ ነበር ወይም ዝናብ እንደ ነበር፣ ሰው ወደ የት እየሄደ እንደ ነበር፣ ማን ሳይመለስ እንደ ቀረ፣ ለማን ራት ተቀምጦ እንዳደረ መጻፍ ይቻላል። ይኸን የጻፈ ሰው ሳይፎክር መስክሯል። እኛ ግን ፎክረን ዝም አልን።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ብርሃንና ሌሊት ከግጥም ይታገዱ አንልም፤ እንዲህ ያለ አዋጅ ከኛ አይወጣም። የምንለው አራት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ሌሊት የሚል ሰው ሰዓቱን ይናገር። ውድቅት ከሆነ ውድቅት፣ ሁለተኛው ዶሮ ከሆነ ሁለተኛው ዶሮ።

ሁለተኛ፣ «ይነጋል» ብሎ የጻፈ ሰው ወረቀቱን ከመላኩ በፊት «ማን ነው የሚያነጋው?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። መልሱ ግጥሙ ውስጥ ከሌለ ግጥሙ ገና አላለቀም።

ሦስተኛ፣ መብራት ካነሣን ምን መብራት እንደ ሆነ እንወቅ። ኩራዝ ነው? ጧፍ ነው? የሶላር አምፖል ነው? ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ፤ ኃይሉ 5,150 ሜጋዋት ነው። ይኸ በቁጥር የሚነገር ብርሃን ነው፤ ደስ ብሎናል። የብር ወንዝም ውሃውን ለአባይ የሚገብር ነው። ስለዚህ ብርሃን የሚገጥም ሰው ግን ሽቦው የትኛው መንደር ደርሶ የትኛው መንደር ደጃፍ እንዳለፈ አብሮ ቢያነሣ ግጥሙ ይከብራል እንጂ አይቀልም።

አራተኛ፣ ችቦውን እናውርድ። ወይም ችቦ ካልንም አገራችን እንደሚያውቀው ችቦ ይሁን። በመስቀል ዋዜማ ማን ነው ለማን ችቦ የሚይዘው? እያንዳንዱ ቤት የራሱን ችቦ አስሮ ይወጣል፤ ደመራው ዘንድ ሲደርስ ከጎረቤቱ ችቦ ጋር ያጋጥመዋል። ችቦ ያዥና የሚበራለት የሚባል ክፍፍል እዚያ የለም። ደራሲም የራሱን አንድ ችቦ ይዞ ከሰልፉ መሐል ይግባ፤ ከፊት ቀድሞ «ተከተሉኝ» አይበል።

ባለግጥማችን ከቡሬ ከተመለሰ በኋላ ያቺን ቤት ብዙ ጊዜ ሰርዞ ጻፋት። ደርሷል አይልም፤ እኛም አላልንም። ለዚህ እትም የሰጠን እንዲህ የምትል ናት፦

ዶሮ ሁለቴ ጮኸ፣ አባቴ ከማማው አልወረደም፤
ጃርቱ ሄዷል፣ የማዳበሪያው ዕዳ ግን አልሄደም።

ቤቱ የፊተኛውን ያህል አልገጠመም የሚል ይኖራል፤ ይሁን። በዚህኛው ውስጥ ግን ሰው አለ፣ ሰዓት አለ፣ ዕዳም አለ። ለመስከረም ሲገባ ለአባቱ ሊያነብላቸው ነው። ምን እንደሚሉ እንነግራችኋለን። «ችቦ»ን የጻፈው ጓደኛችንም መልስ ካለው ገጹ ክፍት ነው፤ ይጻፍ፣ እንከራከር። አንድ ነገር ብቻ እንለምነዋለን፦ «በመጨረሻም ይነጋል» ብሎ አይዝጋው።